ሳሙኤል አጃዪ ክራውተር ከልብ ቁስል እንደ ተፈወሰ

የሰው ሥጋ ሲቆስል ደሙ ይታያል፤ ሐኪምም ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል። የልብ ቁስል ግን ለዓይን አይታይም። ልቡ የቆሰለ ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲበላና ሲጫወት ጤነኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ጊዜ ይደነግጣል፤ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ይፈራል፤ ብቻውንም በሆነ ጊዜ ያለፈው ክፉ ነገር ዛሬ እንደሚደረግ ሆኖ በፊቱ ይቆማል። እንደዚህ ያለ ቁስል በአንድ ቀን አይድንም፤ ጥቂት በጥቂት ይድናል እንጂ። ይህ ታሪክ በልጅነቱ ልቡ እጅግ ስለ ቆሰለ፥ በኋላም በክርስቶስ ፈውስ ስላገኘ ስለ አንድ አፍሪካዊ ሰው ነው።

በአፍሪካ ምዕራብ፥ ዛሬ ናይጄሪያ በሚባለው አገር፥ ዮሩባ የሚባል ታላቅ ሕዝብ አለ። በዚያ ሕዝብ መካከል ኦሾጉን በምትባል ከተማ በ1809 ዓ.ም. ገደማ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዮሩባ አገር ሕፃን ፊቱ ወደ ምድር ተደፍቶ የተወለደ እንደ ሆነ አጃዪ ብለው ይጠሩታል፤ ይህም ልጅ እንደዚያ ሆኖ ስለ ተወለደ አጃዪ ተባለ። አባቱ ሸማኔ ነበረ፤ እናቱም አፋላ ትባል ነበር። ኦሾጉን ዙሪያዋ በአጥር የታጠረ፥ ስድስት በሮች ያሉዋት ከተማ ነበረች፤ ሰዎችዋም እያረሱና እየሸመኑ፥ በገበያም እየነገዱ ይኖሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ግን በዮሩባ አገር ሁሉ ሰላም እየጠፋ ሄዶ ነበር። ቀድሞ አገሩን ይገዛ የነበረው የኦዮ መንግሥት ስለ ደከመ፥ ኃይለኛው ደካማውን እየወጋ ሰውን እንደ ከብት ይነዳ ጀመር። የተነዱትም ሰዎች ወደ ባሕር ዳር እየተወሰዱ ለፖርቱጋልና ለሌሎችም አገሮች የመርከብ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። እንግሊዞች ይህን ንግድ በ1807 ዓ.ም. በሕግ ከልክለው በባሕር ላይ የሚጠብቁ የጦር መርከቦች አቁመው ነበር፤ ቀድሞ እነርሱ ራሳቸው በዚህ ክፉ ንግድ ብዙ ዘመን ከብረውበታል። ሌሎቹ ግን ገና አልተዉትም ነበር።

በ1821 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ አንድ ቀን ከጧቱ በሦስት ሰዓት ገደማ፥ ሴቶች ምግብ ሲያሰናዱ፥ ልጆችም ቁርሳቸውን ሲጠባበቁ፥ ጠላት መጣ የሚል ጩኸት በኦሾጉን ተሰማ። ሰዎቹ አልተዘጋጁም ነበር። ወንዶቹ መሣሪያቸውን አንሥተው ወደ በሮቹ ሮጡ፤ ሦስት አራት ሰዓት ያህልም ተዋጉ፤ ነገር ግን ጠላት እጅግ ብዙ ስለ ነበረ አጥሩን አልፎ ገባ። የአጃዪ አባት ከውጊያው መካከል ፈጥኖ ወደ ቤቱ መጣ፤ ሚስቱና ልጆቹ እንዲሸሹ አመለከታቸው፤ ወዲያውም ወደ ውጊያው ተመለሰ። ከዚያች ቀን በኋላ አጃዪ አባቱን ከቶ አላየውም።

እናቱ የአሥር ወር ሕፃን ልጅዋን ይዛ፥ አጃዪንና ሌላይቱን ሴት ልጅዋን አስከትላ ወደ ዱሩ ሸሸች። መንገዱ በሚሸሹ ሴቶችና ልጆች ተሞልቶ ነበር፤ አንዱ በቁጥቋጦ ይያዛል፤ ሌላው ከነሸክሙ ይወድቃል። ጠላቶቹም ደረሱባቸው፤ በየአንገታቸውም ገመድ እያገቡ፥ ፍየል እንደሚታሰር አንዱን ከአንዱ ጋር አያይዘው ነዱአቸው። አጃዪ ዘወር ብሎ ቢመለከት የተወለደባት ከተማ በእሳት ስትቃጠል አየ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበረ።

ኢሴይን ወደምትባል ከተማ በደረሱ ጊዜ ምርኮው ተከፋፈለ። አጃዪና አንዲቱ እኅቱ ለአለቃው ደረሱ፤ እናቱና ሕፃኒቱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጡ። ምርኮኞቹ ጮኸው እንዳያለቅሱ ስለ ፈሩ ድምፃቸውን አፍነው ተንሰቀሰቁ። በዚያው ቀን አለቃው አጃዪን በፈረስ ለወጠው። ከሁለት ወር በኋላም ፈረሱ አልተወደደም ተብሎ ተመለሰ፤ ልጁም እንደ ዕቃ ተመለሰ። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ልጅ ዋጋው ከአንድ ፈረስ ጋር ተመዘነ፤ ፈረሱም አልተወደደም!

ከዚህ በኋላ ዳዳ ወደምትባል ከተማ ተወሰደ። እናቱና ታናሽ እኅቱ በዚያ ስለ ነበሩ ሦስት ወር ያህል እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። ይህ ለእርሱ ታላቅ መጽናናት ሆነ፤ ነገር ግን አንድ ማታ በድንገት ያዙት፤ እጁንም አስረው ወደ ገበያ ወሰዱት፤ እናቱንም ሳይሰናበት ተለያዩ። ይህ ሁለተኛው መለየት ከፊተኛው ይልቅ ጐዳው። ሰው የጠፋበትን አግኝቶ እንደ ገና ሲነጠቅ ኀዘኑ እጥፍ ይሆናልና።

ከዚህ በኋላ የገዛችው አንዲት ሴት ነበረች። ክፉ አላደረገችበትም፤ ልጅዋም ወዳጁ ነበረ። ነገር ግን አጃዪ ነገ ወደ ባሕር ዳር ወስደው ለፖርቱጋሎች ይሸጡኛል ብሎ ሌሊትና ቀን ይፈራ ነበር። ምግብ አልበላለት አለ፤ ታመመ። ከመኖር መሞት ይሻለኛል እስከ ማለትም ደረሰ፤ ራሱንም ለማጥፋት ከአንድ ጊዜ የበለጠ አሰበ። እግዚአብሔር ግን እርሱ ገና ሳያውቀው ጠበቀው። ፈርቶት የነበረውም ነገር አልቀረለትም፤ ሴቲቱ በትምባሆ፥ በአረቄና በሌላም ዕቃ ሸጠችው፤ ከእጅ ወደ እጅም እያለፈ በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ሌጎስ ከተማ ደረሰ።

አጃዪ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ብዙ ውኃ አይቶ አያውቅም ነበርና ውኃውን ባየ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። በሌጎስ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ የፖርቱጋል ነጋዴ ገዛው። ትልልቆቹና ልጆቹ በአንድ ረጅም ሰንሰለት በአንገታቸው ይታሰሩ ነበር፤ ትልልቆቹ ሰንሰለቱን ለራሳቸው ለማላላት ሲስቡት የልጆቹ አንገት ይታነቅ ነበር። ሌሊት በጠባብ ቤት ውስጥ ከሙቀቱና ከመታፈኑ የተነሣ ብዙ ጊዜ ሊሞቱ ደረሱ። በመጨረሻም በ1822 ዓ.ም. በአፕሪል ወር 187 ምርኮኞች በአንዲት መርከብ ተጫኑ፤ አጃዪም ከእነርሱ መካከል ነበረ። በሌሎች አገሮች ሊሸጡ የተወሰዱት ሰዎች ከዚያ ወዲያ ወደ አገራቸው አይመለሱም ነበርና ሁሉም ተስፋ ቈረጡ።

በዚያው ቀን ማታ ግን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ደርሰው መርከቢቱን ያዙአት። ከእነዚያ መርከቦች አንዲቱ ሚርሚዶን ትባል ነበር፤ አለቃዋም ሄንሪ ሊክ የሚባል ሰው ነበረ። ምርኮኞቹ ግን ነፃ እንደ ወጡ አላወቁም፤ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ ጌታ የተላለፉ መሰላቸው። አጃዪና አምስት ልጆች ወደ ሚርሚዶን በተወሰዱ ጊዜ ተሰቅሎ የነበረ የአሳማ ሥጋ አዩ፤ ቆዳው ነጭ ስለ ነበረም የሰው ሥጋ መሰላቸው። በሌላ ወገን ደግሞ የመድፍ አሎሎ ተከምሮ አዩ፤ ይህንም የተቈረጠ የሰው ራስ ነው ብለው አሰቡ። እኛንም አርደው ሊበሉን ነው ብለው እጅግ ፈሩ፤ በኋላ ግን ቀርበው የአሳማውን እግርና የአሎሎውን ብረት ባዩ ጊዜ ልባቸው ተመለሰ። ይህ ነገር ዛሬ ያስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከሰው እጅ ክፉ ብቻ የተቀበለ ልጅ መልካሙንም ነገር ክፉ አድርጎ ማየቱ አያስደንቅም።

በዚያችው መርከብ ላይ የገዛቸው ፖርቱጋላዊ ታስሮ ነበር። አጃዪም ይህን ሰው ታስሮ ባየው ጊዜ ደፍሮ ራሱን መታው። ትናንት በሰንሰለት ያሰረው ሰው ዛሬ ታስሮ ስላየ ልቡ የተበቀለ መሰለው። በኋላ ግን ሲያድግና ክርስቲያን ሲሆን ይህን ሥራውን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ክፉና ርኅራኄ የሌለው ሥራ እንደ ነበረም መሰከረ። ብዙ ሰዎች የተበደሉትን ይጽፋሉ፤ እነርሱ ራሳቸው የበደሉትን የሚጽፉ ግን ጥቂቶች ናቸው።

በጁን 17 ቀን 1822 ዓ.ም. አጃዪ በሴራሊዮን ምድር ወረደ። ይህ አገር ከባርነት የወጡ ሰዎች የሚኖሩበት ነበረ። ከፍሪታውን ከተማ ብዙም በማይርቅ ባትርስት በሚባል መንደር ተቀመጠ፤ ልብስና ምግብም ተሰጠው። እርሱና ባልንጀሮቹ በፖርቱጋሉ ነጋዴ ላይ እንዲመሰክሩ ወደ ፍሪታውን በተጠሩ ጊዜ ግን ለጌታችን መልሰው ሊሰጡን ነው ብለው አንሄድም አሉ፤ በግድም ተወሰዱ። እጁና እግሩ ከተፈታ ጥቂት ጊዜ ሆኖ ነበር፤ ልቡ ግን ገና አልተፈታም ነበር።

በባትርስት የወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ነበራቸው። አጃዪ መጀመሪያ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን፥ ከትምህርት እንደ ወጣ ወደ አንድ የአገሩ ሰው ሄዶ ግማሽ ፔኒ የምትባለውን ትንሽ የእንግሊዝ ገንዘብ ለመነ። የለመነውም ምግብ ሊገዛበት አልነበረም፤ የራሱ የሆነ ፊደል ገበታ ሊገዛበት ነው እንጂ። በፈረስ፥ በትምባሆና በአረቄ የተለወጠው ልጅ አሁን እርሱ ራሱ ገዢ ሆነ፤ የገዛውም ፊደል ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊትና ቀን ስለ ተጋ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ኪዳንን ያነብ ጀመር። የአናጢነትም ሥራ ተማረ።

ልጆች ሆይ፥ የዮሴፍን ታሪክ ታውቃላችሁ። ወንድሞቹ እንደ ሸጡት፥ እግዚአብሔርም በግብፅ ምድር ከእርሱ ጋር እንደ ነበረ በኦሪት ተጽፎአል። አጃዪም መጽሐፍ ቅዱስን ባነበበ ጊዜ እግዚአብሔር የተሸጡትንና የታሰሩትን እንደሚያይ፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ራሱ ተይዞ፥ ታስሮና ተገርፎ እንደ ተሰቀለ አገኘ። እንግዲህ የአጃዪን ገመድና ሰንሰለት የማያውቅ አምላክ አይደለም። ከሰው ባርነት የሚበልጥ የኃጢአት ባርነት እንዳለ፥ ከዚያም ነፃ የሚያወጣ ክርስቶስ እንደ ሆነ አመነ። በዲሴምበር 11 ቀን 1825 ዓ.ም. ተጠመቀ፤ ሳሙኤል ክራውተርም ተባለ። ይህ በእንግሊዝ አገር የነበረ የአንድ ቄስ ስም ነበረ። አጃዪ የሚለውን ስም ግን አልጣለውም።

በ1826 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ጥቂት ወራት ተማረ፤ በ1827 ዓ.ም. በሴራሊዮን ፎራ ቤይ የሚባለው ትምህርት ቤት ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። በኋላም መምህር ሆነ። እንደ እርሱ ከባርያ መርከብ የዳነች፥ በአገርዋ አሳኖ ትባል የነበረች፥ በጥምቀት ግን ሱዛን የተባለች ሴት አገባ። ሁለቱም እናትና አባት በአጠገባቸው ሳይኖሩ ቤት ሠርተው ልጆች ወለዱ፤ አሳደጉም።

ከተያዘ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1837 ዓ.ም.፥ የተያዘበትን ታሪክ እንዲጽፍ ከማኅበሩ ተጠየቀ። ክራውተርም ያን ቀን ከጧቱ ጀምሮ ጻፈው፤ ምግቡ ሳይበላ መቅረቱን፥ የገመዱን፥ የአባቱን የመጨረሻ ምልክት፥ የእሳቱን ነገር ሁሉ ጻፈ። ምንም አልሸሸገም፤ ክፉውንም መልካም አላለውም። ነገር ግን ያን የመከራ ቀን በሌላ ወገን የተባረከ ቀን ብሎ መጥራትን እንደ ተማረ ጨምሮ ጻፈ። ሰዎች ያደረጉት ሥራ ክፉ ነበረ፤ እግዚአብሔር ግን ከዚያ ክፉ ሥራ መልካም ነገር አወጣ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ለመናገር የሚችል ሰው ልቡ መዳን ጀምሮአል።

በ1841 ዓ.ም. እንግሊዞች የኒጀርን ወንዝ ሽቅብ ሄደው ለመመርመርና የባርያን ንግድ ለማስቀረት መርከቦች በላኩ ጊዜ ክራውተር አብሮ ሄደ። ወባ ከአውሮፓውያኑ መካከል ከ40 ሰዎች በላይ ገደለ። ክራውተር ግን በደኅና ተመለሰ። ወንጌል ለአፍሪካ ሰዎች በአፍሪካ ሰዎች አፍና በገዛ ቋንቋቸው ሊሰበክ እንደሚገባ ያን ጊዜ ብዙዎች አስተዋሉ። እርሱም በ1843 ዓ.ም. በለንደን ቅስና ተቀበለ። በ1844 ዓ.ም. መጀመሪያ በፍሪታውን በዮሩባ ቋንቋ ጸሎትና ስብከት አደረገ። ከየመርከቡ የዳኑት ብዙ የዮሩባ ሰዎች በእናታቸው ቋንቋ ወንጌል ሲነገር ሰሙ። እርሱ ራሱ ግን ብዙ ዘመን በእንግሊዝኛ ስለ ተማረ የልጅነቱን ቋንቋ እንደ ገና መለማመድ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ወደ ገዛ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአንገቱ ገመድ ወደ ገባበት፥ ከእናቱም ወደ ተለየበት ምድር መመለስ ነውና። በ1845 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሚስቱና ከልጆቹ፥ ከሌሎችም መልእክተኞች ጋር ባዳግሪ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ወረደ። ሊቀበላቸው የነበረው የአገሩ አለቃ ስለ ሞተ መንገዱ ተዘጋ፤ በዚያም ዓመት ተኩል ያህል ቈዩ። በዙሪያቸውም ባርያዎች ሲሸጡ ያዩ ነበር።

በኦገስት ወር 1846 ዓ.ም. ወደ አቤኦኩታ ደረሱ። አቤኦኩታ ማለት ከዓለት በታች ማለት ነው። ከባርያ ፈንጋዮች የሸሹ ሰዎች ከብዙ ከተሞች ተሰብስበው በታላቅ ዓለት ሥር የሠሩዋት ከተማ ነበረች። ክራውተርም በዚያ ስለ ዘመዶቹ ይጠይቅ ጀመር። እናቱም በሕይወት እንዳለች፥ ከአቤኦኩታም ቅርብ በሆነ ቦታ ከእኅቶቹ ጋር እንደምትኖር ተሰማ። እርስዋም ከተለያዩ ወዲህ ብዙ መከራ ተቀብላ ነበር፤ እንደ ገና ተይዛ ተሸጣ ነበር፤ ዘመዶችዋም ገንዘብ ከፍለው አስለቅቀዋት ነበር።

በኦገስት 21 ቀን እናቱ ከአንድ ወንድሙ ጋር መጣች። ይህ ወንድሙ የተወለደው ከሌላ እናት ነበረ። እናቱ ክራውተርን ባየችው ጊዜ ዓይንዋን ማመን አቃታት፤ ሰውነትዋም ተንቀጠቀጠ። የተለያት ገና ልጅ ሳለ ነበረ፤ አሁን በፊትዋ የቆመው ግን የአውሮፓ ልብስ የለበሰ፥ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል የሆነው ቄስ ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡ። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ልቅሶ ግን ከለከላቸውና ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እናቱም እጁን እንደ ያዘች አያቱ በልጅነቱ ትጠራበት በነበረው የቍልምጫ ስም እየደጋገመች ጠራችው። ያች አያቱ በባርነት ሳለች ሞታለች። እናትና ልጅ ከተለያዩ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በእጁ በነበረው የክርስቲያን ቀን መቍጠሪያ ለዚያ ቀን የተመደበው ቃል ከዳዊት መዝሙር የአሥረኛው መዝሙር ክፍል ነበረ፤ ይኸውም እግዚአብሔር አባትና እናት ለሌለው ረዳት መሆኑን የሚናገር ነው። ክራውተር የዚህን ቃል ኃይል ከዚያች ቀን ይበልጥ የተረዳበት ጊዜ እንደሌለ ጻፈ። እርሱ እናቱን ከመፈለግ ተስፋ ቈርጦ ነበር፤ እርስዋም ልጅዋ ከባሕር ማዶ ይመለሳል ብላ አልጠበቀችም ነበር።

አፋላ ከልጅዋ ጋር ተቀመጠች። ከአባቶችዋ የተቀበለችው ሌላ አምልኮ ነበረ፤ ልጅዋም አስተማራት እንጂ አላስገደዳትም። ዓመት ተኩል ያህል ከተማረች በኋላ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1848 ዓ.ም. ተጠመቀች። የጥምቀት ስምዋም ሐና ተባለ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ልጅዋን ለእግዚአብሔር የሰጠችው የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና መሆንዋን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ስም ለምን እንደ ተመረጠ ያስተውላል። ሐና ከዚያ በኋላ እስከ 1883 ዓ.ም. ድረስ ኖራ እጅግ አርጅታ ሞተች፤ የልጅዋን ኤጲስ ቆጶስነትም ለማየት በቃች።

ክራውተር በአቤኦኩታ ሳለ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዮሩባ ቋንቋ ይተረጕም ነበር። ትክክለኛውን ቃል ለማግኘት ከሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጦ ምሳሌያቸውንና አነጋገራቸውን ያዳምጥ ነበር። ይህ ሥራ እጅግ ረጅም ነበረ፤ ሌሎችም ብዙ ሰዎች ረዱት፤ መላው መጽሐፍም በዮሩባ ቋንቋ ተተርጕሞ የተፈጸመው ሥራው ከተጀመረ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1851 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ አቡነ ዘበሰማያትንም በዮሩባ ቋንቋ አሰማ። የባርያን ንግድ ክፋት ለመኳንንቱ ነገራቸው።

በጁን 29 ቀን 1864 ዓ.ም. በካንተርበሪ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የኤጲስ ቆጶስነት ማዕርግ ተቀበለ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህን ማዕርግ ከተቀበሉት ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው። በዚያ ቀን ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ሄንሪ ሊክ ነበረ። ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት በሚርሚዶን መርከብ ላይ ስድስቱን የፈሩ ልጆች የተቀበለ ያ መኰንን አሁን በሸመገለ ጊዜ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኤጲስ ቆጶስ ሲሆን አየ።

ነገር ግን ከተፈወሰ በኋላ መከራ አላገኘውም ማለት አይደለም። በ1867 ዓ.ም. በኒጀር ወንዝ ላይ አቦኮ የሚባል አለቃ ኤጲስ ቆጶሱን ከልጁ ጋር ይዞ አሰረው፤ እንዲለቀውም ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። ክራውተር በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ እንደ ልጅነቱ ዘመን እንደ ገና በሰው እጅ የሚጠየቅበት ዋጋ ተቈረጠለት። ፌል የሚባል የእንግሊዝ መንግሥት ሹም መጥቶ በጀልባ አዳናቸው፤ ሲያመልጡ ግን ፌል በመርዝ ቀስት ተወግቶ ሞተ። ኤጲስ ቆጶሱ ስለዚህ ሰው ሞት እጅግ አዘነ። ከዚያ በኋላም የኒጀርን ሥራ አልተወም፤ እየሄደ ያስተምር ነበር።

በእርጅናው ዘመን ደግሞ ሌላ ኀዘን አገኘው፤ ይህም ኀዘን የመጣው ከጠላት ሳይሆን ከገዛ ወገኖቹ ነው። በ1890 ዓ.ም. ወጣቶች የሆኑ አውሮፓውያን መልእክተኞች መጥተው ከእርሱ በታች የሚሠሩትን ብዙ አፍሪካውያን ሠራተኞች ነቀፉ፤ እርሱን ሳይሰሙም ከሥራቸው አስወጡአቸው። ከሠራተኞቹ መካከል ጥፋት ያለባቸው እንደ ነበሩ አይካድም፤ ነገር ግን ሁሉም እንደዚያ አልነበሩም፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ሽማግሌም በፊታቸው ማዋረድ አይገባም ነበር። ክራውተር ስለ ሠራተኞቹ ተከራከረ፤ የሥራውንም ጉባኤ ትቶ ወጣ። እምነቱን ግን አልተወም፤ ቤተ ክርስቲያኑንም አልለቀቀም። ለኒጀር ቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ ሊያዘጋጅ ሲደክም ሳለ በሽታ ያዘው።

በዲሴምበር 31 ቀን 1891 ዓ.ም. ሞተ። የሞተባት ከተማ ሌጎስ ናት፤ በልጅነቱ በአንገቱ ሰንሰለት ታስሮ ወደ ባርያ መርከብ የተጫነው ከዚያች ከተማ ነበር። በሞተ ጊዜ ግን በሌጎስ የሚሸጥ ባርያ አልነበረም። በአብያተ ክርስቲያናቱም ሕዝቡ እርሱና ጓደኞቹ ከተረጐሙት መጽሐፍ በዮሩባ ቋንቋ ያነብ ነበር።